ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የምታስታውሱ ሁሉ እስቲ ብቅ በሉ

የማሲንቆ ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሮ ሙዚቃ ሲወራ ዋልያስ ይነሳል፣ ሮሃ ይነሳል፣ ክቡር ዘበኛ ይነሳል። ይነሱ፣ ይገባቸዋል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አላየሁም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ከተማው በሳክስፎንና በጊታር በተጥለቀለቀበት ዘመን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ይዘው አንድ መድረክ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቡድኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያቋቋመው ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ትውልደ ግብፅ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ጆን ኮ የተባለ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ መራው። ከዚያ ተስፋዬ ለማ ተረከበውና እ.ኤ.አ. በ1975 እስከተበተነበት ጊዜ ድረስ ይዞት ዘለቀ። በሙሉ ኃይሉ ሲሆን እስከ 30 የሚደርሱ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ነበሩት። ከየብሔረሰቡ የመጡ ናቸው። በልማዱ የአንዱ አገር እምቢልታ ከሌላው አገር ክራር ጋር ተቀምጦ በአንድ ላይ አይጫወትም ነበር።

አባቴ ከሬዲዮ የቀዳው ክር (ካሴት) ነበረው። እኔ ቡድኑን በመድረክ አልደረስኩበትም፤ በዚያ ክር ነው የማውቀው። በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ ክር ወይም ሸክላ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉ።


ስድስት ኪሎ፦

ይህን ርዕስ በማየቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም፣ ልጄ። እኔ በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበርኩ። ልምምዳቸውን በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መድረኩንና ልብሱን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዘፈኑ በፊት የነበረው ሰዓት ነው።

ቅኝቱን ማለቴ ነው። ክራር መቺው ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ጠምዘዝ ያደርጋል። ክሩን በጣቱ ነካ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደገና ጠምዘዝ። ማሲንቆ መቺው የደጋኑን ጭራ ዕጣን ያስነካዋል። ዋሽንት ነፊው ረዥምም አጭርም ሸምበቆ በአንድ ከረጢት ይዞ መጥቷል። አንዱን ያወጣና ነፋ አድርጎ ከክራሩ ጋር ያስተያየዋል። «ይሄ ቀጠነ» ይሉታል። ያስቀምጠውና ሌላ ያወጣል። «አሁን ወፈረ።» ሌላ። ስንቱ ተሞክሮ በመጨረሻ አንዱ ገጥሞ ሲገኝ ሁሉም ፊት ላይ እፎይታ ይታያል። እኛ በር ላይ የቆምነው ተማሪዎች እንኳ እፎይ እንል ነበር።

ያን ጊዜ የተማረ ሰው ክራርና ማሲንቆ መያዝ ነውር ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በክብር፣ ወንበር ተዘርግቶላቸው ሲጫወቱ ማየት ለእኛ ለወጣቶቹ ትልቅ ነገር ነበር። ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ስናገር አልተዋጠላቸውም።


ቡና በጀበና፦

ጋሼ፣ እባክዎ ይቀጥሉ። እንዲህ ያለ ነገር የትም አይገኝም።


ጎንደሬው፦

ለቡድኑ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኔ ያደግኩት አዝማሪ በሚውልበት ቤት ነው። የማሲንቆ ነፍሱ መቺው ከሰው ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። ሰው ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበላል፣ አዙሮ ይመልሳል። የገባውን ሰው አይቶ በስሙ ይገጥማል፤ የተኮሳተረውን ያስቃል፤ የሚንጠባረረውን በሰም ለበስ ቃል ወጋ ያደርጋል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም። ቤቱ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል።

ኦርኬስትራው ይህን ሁሉ ወስዶ በተወሰነ ደቂቃ፣ በተወሰነ ተራ፣ ለተቀመጠ ተመልካች አደረገው። ቆንጆ ነው። ግን ከማሲንቆው አፍ ላይ ቃሉን ቀማው። ይህን ሳስብ ቅር ይለኛል።


ሸምበቆ፦

ጎንደሬው፣ የምትለው ይገባኛል። ግን እኔ ዋሽንት የምነፋ ነኝ፣ ልጆችም አስተምራለሁ። ከተጫዋች ወገን ሆኜ ልመልስልህ።

አንድ አዝማሪ ብቻውን ሲጫወት ማሲንቆውን ለራሱ ድምፅ ይቃኛል። ዛሬ ጉሮሮው ከዘጋው ዝቅ ያደርገዋል። ከማንም ጋር መስማማት የለበትም። አሁን ዘጠኝ አሥር ሰው አንድ ላይ አስቀምጥ። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ጣት እዚህም እዚያም ብታሳርፍ ያገኝሃል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ በትዝታ ቅኝት ተቃኝቶ ወደ ባቲ ወይም አንቺ ሆዬ ቅኝት ልሂድ ካለ ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ዋሽንት ደግሞ አንዴ ከተበሳ በቃ፤ አራት ቀዳዳ ነው፣ አይጠመዘዝም። ጋሼ ያዩት ከረጢት ለዚህ ነው። እምቢልታ ጭራሽ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ ሊያወጣ የሚችለው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል፣ ዜማው በመሃላቸው ይዞራል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቅኝት ማስማማት፣ ያውም ኖታ ለማያነቡ፣ ከአባታቸውና ከአያታቸው በጆሮ ለተማሩ ሰዎች! ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ዝም እንደሚል ሁሉም በቃሉ ነው የያዘው። እኔ ያ ሥራ ቃል የቀማ አይመስለኝም። ሌላ ዓይነት ንግግር ነው ያመጣው፤ መሣሪያ ከመሣሪያ ጋር። ዋሽንቱ ሲጠይቅ ክራሩ ሲመልስ ስሙትማ። ያ ቀድሞ የት ነበር?


ፒያሳ፦

እኔ እናቴ ነበረች የምታወራኝ። እሷ የምታስታውሰው ውዝዋዜውን ነው። የወሎው ትከሻ፣ የጎጃሙ፣ የኦሮሞው ሸጎዬ፣ የጉራጌው እግር፣ ሁሉም በአንድ ምሽት። «አገር ያየሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው» ትላለች። ከአዲስ አበባ ወጥታ አታውቅም ነበርና።


ዲሲ ማሪላንድ፦

ሰላም ወገኖች። እኔ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስለ ጋሽ ተስፋዬ ለማ ትንሽ ልጨምር። እዚህ አገር ከመጡም በኋላ ይህንን ሥራ አልተዉትም። ማዕከል አቋቁመው ባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ሲያሰናዱ ኖሩ። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክም መጽሐፍ ጽፈዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እዚህ ባሉ ሰዎች መካከል ስማቸው ሲነሳ ሰው ፊቱ ይበራል።

የ1969ኙን ጉዞ ደግሞ ማንም ያነሳው የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሯል። ጉዞውን ያመቻቸው ቻርለስ ሳተን የሚባል የሰላም ጓድ ወጣት ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ማሲንቆ የተማረው ከቡድኑ ማሲንቆ መቺ ከጌታመሳይ አበበ ነው። ከቡድኑ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር! በዚያ ጉዞ ኤድ ሱሊቫን ሾው በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሁሉ ቀርበዋል። ያ ፕሮግራም ቢትልስ የቀረቡበት ነው። አስቡት፤ በዚያ መድረክ ማሲንቆ።

ቻርለስ፣ ጌታመሳይና ሌላው የቡድኑ ተጫዋች መላኩ ገላው ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ተገናኝተው አብረው ቀድተዋል። ያን ቅጂ ስሰማ ስሜቴን መቆጣጠር ያቅተኛል። ሽማግሌዎች ናቸው፤ ግን ክራሩና ማሲንቆው ገና ከመጀመሪያው ምት አንዱ ሌላውን ያውቀዋል።


የማሲንቆ ወዳጅ፦

ዲሲ ማሪላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሃሊም ኤል-ዳብም አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን በስቱዲዮ ቀያይሮ ሙዚቃ ሠርቶበታል። በዓለም ከቀደሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች አንዱ ነው ይባላል። ዛር! የእኛም ሰው የሚያውቀውን ዛር። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ያለው ሰው ስድስት ኪሎ መጥቶ እምቢልታና መለከት ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። በ96 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። አገራችን ውስጥ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።


ሚሚ የቦሌዋ፦

እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ ከእናንተ ጋር ማውራት አይመጥነኝ ይሆናል። ቡድኑን ያወቅኩት ኢትዮፒክስ በሚባሉት የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች 23ኛ ቅጽ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ለመናገር ከበደኝ። ቤዝ የለም፣ ድራም የለም። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ያኔ ከበሮው ከየት እንደሚመጣ፣ ክራሩ በየትኛው ወገን እንደተቀመጠ ለየሁት። የተጫዋቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ዋሽንቱ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ትሰማላችሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከታች ወፍራም ሆኖ «ዝዝዝ» የሚል ነገር አለ። የተበላሸ ቅጂ ነው ወይስ መሣሪያ?


ሸምበቆ፦

ሚሚዬ፣ አንቺ ነሽ የምትመጥኚው፣ እንዲህ የሚሰማ ሰው ነው የጠፋው። እሱ በገና ነው የሚሆነው። በገና አሥር ክር አለው። በእያንዳንዱ ክርና ክሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። ክሩ ሲመታ ቆዳዋን ስለሚነካካት ያ የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። እንዚራዋ አንድ ፀጉር ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ካለች ድምፁ ይሞታል። በገና ደርዳሪ ዝግጅቱን የሚጨርሰው እሷን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ድምፅ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ለመስማት ደግሞ ይህን ሞክሪ። መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ተከተዪ። ሁለተኛ ስትሰሚ ከበሮውን ተዪና ክራሩን። ሦስተኛ ዋሽንቱን። አንድ ላይ ልሰማ ካልሽ ይደበላለቅብሻል።


ሚሚ የቦሌዋ፦

ወይ ጉድ፣ በጣም አመሰግናለሁ! ዛሬ ማታውኑ እሞክራለሁ።


ስድስት ኪሎ፦

ወደ ጎንደሬው ልመለስ፤ ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። አዝማሪ ቤት እኔም ገብቻለሁ፣ የምትለውን ጣዕም አውቀዋለሁ። ቃል መቀማቱንም አልክድም። ነገር ግን ያን ጊዜ የነበረውን ሁኔታ አስብ። የቴአትር ቤቶቹና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች በፈረንጅ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ክራርና ማሲንቆ በየቴአትር ቤቱ ቢኖሩም የሚወጡት ለባህል ክፍል ነው፤ ዋናው ነገር ትራምፔቱ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚሮጠው። ክራር ብቻውን ሙሉ ምሽት ሊይዝ ይችላል ብሎ የሚያምን አልነበረም። እነሱ ይችላል አሉ፤ አሳዩንም።

ደግሞም ሰዎቹ ነፃነታቸውን ጨርሰው አላጡም። ማሲንቆው ብቻውን የሚተውበት ጊዜ ነበር። ሌሎቹ ዝም ይሉና እሱ እንደፈለገ ይሄዳል። አንድ ምሽት ከፊት የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። መቺው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቃኘት አደረጋቸውና ሁለት መስመር ጣል አደረገ። ግጥሙ ዛሬ ትዝ አይለኝም። አዳራሹ ግን በሳቅ ሲናወጥ አሁንም ይታየኛል። ከኋላው ያሉት ተጫዋቾችም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።


ጎንደሬው፦

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር፤ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። እንደዚያ ከሆነ በቅጂው ላይ የማይሰማው ነገር በመድረኩ ላይ ነበር ማለት ነው። ሸክላ ለዚህ ነገር አይመችም፤ ሰው የለበትም። ሆኖም አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ዛሬ በየሆቴሉ «የባህል ምሽት» እየተባለ የሚቀርበውን ስታዩ፣ ልብስ እየቀያየሩ አራት አራት ደቂቃ የሚጨፈረውን፣ ያ መልክ ከየት ተወሰደ? ከዚያ ነው።


ዲሲ ማሪላንድ፦

ጎንደሬው፣ ልጅ ያጠፋውን ለአባት አታሸክም። ያኔ ተጫዋቹ ራሱ መሣሪያውን የሚሠራ፣ የአገሩን ዜማ ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ኪቦርዱ ይዘፍናል፣ ክራሩ ይያዛል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።


የደሴ ልጅ፦

ሁላችሁንም ሳነብ ነበር። ከአጎቴ የወረስኩት አንድ ካርቶን ክር አለኝ። አንዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ «ኦርኬስትራ ኢት.» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ቴፑ ትንሽ ነጭ ነጭ ነገር ይዟል። እንዳጫውተው ፈራሁ። ምን ላድርግ?


ፒያሳ፦

ኧረ እንዳታጫውተው! ያ ሻጋታ ነው። እንዳለ ቴፕ ውስጥ ብታስገባው ይነክሰዋል፣ ማጫወቻውንም ያበላሸዋል። እኔ ድሮ ክር ቤት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው። ከድምፅ ማጉያ አርቀው፤ ማግኔት አለበት። ከዚያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበራቸው፣ በስህተት እንዳይቀዳበት። ስንቱ የድሮ ክር በወረቀት ተወትፎ ሠርግ ተቀድቶበታል መሰለህ!

ቀጥሎ ሻጋታውን ከቴፑ የሚያጸዳ ባለሙያ ፈልግ። የቀፎው ብሎን ካለው ቀፎው ይቀየራል። ካልቸኮልክ ይድናል። ሲጸዳ በመጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ እያደረግክ ከጫፍ ጫፍ አዙረው፤ የተጣበቀ ካለ በእጅህ ይታወቅሃል። ከዚያ ነው ማጫወት። ስታጫውተውም በመጀመሪያው ዙር እየቀዳህ ይሁን፤ ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል።


ስድስት ኪሎ፦

የደሴው ልጅ፣ አደራህን። ያ ክር ከሬዲዮ የተቀዳ ከሆነ በየትኛውም ሸክላ ላይ የሌለ ነገር ሊኖርበት ይችላል። በመሃል አስተዋዋቂው የሚናገረውን አትቁረጠው። ብዙ ጊዜ የተጫዋቾቹ ስም የሚገኘው እዚያ ነው። የጌታመሳይን፣ የመላኩን፣ የዋሽንቱን የዮሐንስ አፈወርቅን ስም ሰው ያውቃል። የእምቢልታ ነፊዎቹን፣ የመለከት ነፊዎቹን፣ የተወዛዋዦቹን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው፣ ተጫውተው፣ ቡድኑ ሲበተን ተመልሰው የሄዱ ናቸው። በአገራቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖሯቸዋል። አያታቸው ምን እንደሠራ አያውቁም ይሆናል።


የማሲንቆ ወዳጅ፦

ጋሼ የነገሩን ትልቅ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ክር፣ ሸክላ ወይም ፎቶ ያላችሁ ሁሉ፣ ከድምፁ ጋር እነዚህን ጻፉልን፤ ከማን እንዳገኛችሁት፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እንዳለ፣ አስተዋዋቂ ካለ የሚለውን። ፎቶ ከሆነ ከኋላው የተጻፈም ካለ። ስም የምታውቁ ደግሞ የሰውየውን አገርና የሚጫወተውን መሣሪያ ጨምሩ። እኔ እየሰበሰብኩ የመጀመሪያው ጽሑፌ ሥር በዝርዝር አስቀምጣለሁ።


ሸምበቆ፦

እኔ የእምቢልታውን ክፍል እወስዳለሁ። ቅጂዎቹ ላይ እምቢልታ የሚሰማባቸውን ቦታዎች ለይቼ፣ ስንት ሰው እንደሚነፋና ማን ማንን እንደሚቀበል እጽፋለሁ። ተማሪዎቼም ይማሩበታል።


የደሴ ልጅ፦

ጥርሶቹን ሰብሬያለሁ። ካርቶኑን ስፈትሽ ሁለተኛ ክርም አገኘሁ፤ እሱ ንጹሕ ነው። አጫውቼዋለሁ! ማሲንቆ ብቻውን ይጀምራል፣ ሲቆይ ዋሽንት ይገባል፣ ከዚያ ሰው ያጨበጭባል። አዳራሽ ነው፣ ስቱዲዮ አይደለም። አስተዋዋቂው ስም ይጠራል፣ ግን ጭብጨባው ሸፍኖታል። ጋሼ፣ ቢሰሙት ያውቁት ይሆን?


ስድስት ኪሎ፦

ላክልኝ። ሳልሰማ ስም አልጠራም፣ የሰው ሥራ ለሌላ ሰው እንዳልሰጥ። የጭብጨባውንም ክፍል እንዳለ ላከው። ሰው የሚስቅበት ቦታ ካለም ለጎንደሬው ንገረው።


የደሴ ልጅ፦

አለ፣ ጋሼ። ማሲንቆው ብቻውን ሳለ ሁለቴ ይስቃሉ። ቃሉን እየጻፍኩት ነው፤ አንዱ መስመር አልሰማኝ ብሎ ነው። ማታ ሁሉንም እጭነዋለሁ።


ጎንደሬው፦

ያን መስመር ለእኔ ተወው፣ ወንድሜ። ድምፁን ብቻ ጫን።